አፉን የሚከፍትልኝ ሰው

ድድ ነቃሽ ነኝ። ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚያስወጣው መንገድ ዳር አንድ ክፍል ቤት አለኝ፤ ከእናቴ የወረስሁት እሱንና ሙያውን ነው። እናቴ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች። መርፌ አንድ ላይ አስራ፣ የኩራዝ ጥቀርሻ በጥብጣ፣ የዚህን አገር ሙሽሮች ድድ ስታጠቁር ኖራ ሞተች። የነቀሰቻቸው ሴቶች ጥርሳቸው ፍንትው ብሎ እየሳቁ ወደ ሠርጋቸው ይሄዱ ነበር። እሷ ከቤታቸው ስትደርስ ግን የምትጠጣበት ዋንጫ ለብቻው ይቀመጥ ነበር። ዓይናችን ይፈራል።

እኔ ከአራተኛ ክፍል የወጣሁት ትምህርት ከብዶኝ አይደለም። ከጎኔ የሚቀመጥ ልጅ ስለ ጠፋ ነው። አስተማሪው፣ ስሙን አልጠራውም፣ «ምን ላድርግ ደሞዜ፣ ወላጆች ይመጡብኛል» አለና ከኋላ ብቻዬን አስቀመጠኝ። ካደግሁ በኋላ ደግሞ ተራው የወንዶቹ ሆነ፤ «የሴት ሥራ ይሠራል» አሉኝ። ሰው ለመናቅ ሲፈልግ ምክንያት አጥቶ አያውቅም።

ስነቅስ የሴቲቱ አገጭ በግራ እጄ መዳፍ ላይ ያርፋል። ይከብዳል፤ ይሞቃል። ሚስቴ ጥላኝ ከሄደች ወዲህ ሰው የምነካው እንዲያ ብቻ ነው። ይኸን የምለው ሌላ ነገር እንዲታሰብብኝ አይደለም። ነገሩ እንዲያ ስለሆነ ነው።

ዘንድሮ አንዲት ተማሪ፣ ቆዳ ያነጣል የተባለ ነገር ከአንድ የቁንጅና ቤት ተቀብታ ፊቷ እንደ ተቀቀለ ድንች ተላጠ። እኔ የማንንም ፊት አልላጥሁም። የመንግሥት መመሪያ ሲወጣ ግን ሁላችንንም አንድ ላይ ጠረገን። ጆሮ የሚበሳ፣ ቅንድብ የሚሠራ፣ ፊት የሚቀባ፣ የሚነቅስ ሁሉ ሠልጥኖ፣ ተፈትኖ፣ ፈቃድ ካልያዘ በሩን ይዝጋ ተባለ። ማንበብ ለሚከብደው በቃል ይጠየቃል አሉ። እኔም እስቲ ይሁን ብዬ ገባሁ። እውነቱን ለመናገር ፈቃዱን ፈልጌው ነበር። በመስታወት ከትቼ ከበሬ ላይ ልሰቅለው። የሚያልፍ ሁሉ እያየው እንዲያልፍ።

አዳራሹ ሙሉ የቁንጅና ቤት ሴቶች ናቸው። ወንድ እኔ ብቻ ነኝ። ገብቼ ከኋላ ተቀመጥሁ፤ ማንም አስቀምጦኝ አይደለም፣ ለምጄው ነው። ትእዛዝ የምትባል ቅንድብ የምትሠራ ልጅ ዞር አለችና፦

«ጋሼ፣ ቅንድብዎ ጫካ ሆኗል፤ ላስተካክልልዎት እንዴ?»

«ጫካ ውስጥ ምን እንዳለ ሳታውቂ አትግቢ» አልኋት። ሁሉም ሳቀ። በእኔ ይሳቁ በእሷ ግን አልለየሁትም።

የምታሠለጥነን ሲስተር ማስተዋል ናት፤ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ነርስ፣ ወጣት፣ ድምፅዋ ረጋ ያለ። ጥቀርሻ ክልክል ነው አለችን። መርፌ ከእሽጉ ወጥቶ አንድ ሰው ላይ ብቻ ነው የሚያርፈው። እጅ ያለ ጓንት ሰው አይነካም። ጓንቱን አጥልቄ የራሴን አገጭ ያዝ አድርጌ አየሁት። የሬሳ አገጭ ይመስላል። 

ከሁሉ አብዝታ ያስተማረችን ግን መጠየቅ ነው። ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁ አለች። ነፍሰ ጡር ናት ወይ? ደሟ ቶሎ ይቆማል ወይ? ስኳር አለባት ወይ? ስኳር ያለበት ሰው ቁስሉ ቶሎ አይሽርም፤ ድድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፣ ጥርስ እስከ ማርገፍ ይደርሳል አለች። ይኸን ከእናቴ አልሰማሁትም ነበር።

«እምቢ ማለትም ሙያ ነው» አለችን። «በፈተናው ቀን ጠይቃችሁ የማይሠራለት ሰው ሆኖ ካገኛችሁት፣ ምክንያቱን ነግራችሁኝ ብትተዉት ሙሉ ነጥብ እሰጣችኋለሁ። ያለ ምክንያት የተወ ግን ወድቋል።»

ከዚያ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «ለተግባር ፈተናው እያንዳንዳችሁ አንድ ፈቃደኛ ሰው ይዛችሁ ትመጣላችሁ» አለች።

ሴቶቹ ወዲያው ስልካቸውን አወጡ። አንዷ እህቷን ትጠራለች፣ አንዷ ጓደኛዋን። እኔም ስልኬን አወጣሁ። ሰዓት አየሁና መለስሁት።

መጀመሪያ የሄድሁት ከጎረቤቴ ከፈንታነሽ ዘንድ ነው። ጠላ ትሸጣለች። ቤቷ ሰው ነበረበት።

«ፈንታነሽ፣ ድድሽ ደብዝዟል። በነጻ ላድስልሽ።»

«በነጻ?» አለችና ጣሳውን አስቀመጠች። «አንተ? እንኳን ድድ እሳት ስለምንህ የለም የምትል ሰው?»

«ፈተና አለብኝ። ሰው ይዛችሁ ኑ ተባልን።»

«እህ! ሰው ስታጣ ሰው መሆኔ ትዝ አለህ። ዶሮዬ ግቢህ ገባች ብለህ ከፋሲካ ጀምሮ የእግዜር ሰላምታ የነፈግኸኝስ?»

«ነገሩ ዶሮዋ አይደለችም። አንቺ ያልሽው ነው።»

«ምን አልሁ?»

«ታውቂዋለሽ።» ስለ ዓይኔ ያለችውን በጠጪ ፊት አልደግመውም።

«ኧረ በማርያም አላውቀውም! እናንተ ሰዎች፣ ይኸ ሰውዬ ምን ብዬው ነው?» ብላ ወደ ጠጪዎቹ ዞረች። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አሉ። አንተ ደግሞ ቂም ይዘህ ንቅሳት! ሂድልኝ፤ ላንተ አፌን ከምከፍት ለጅብ ብከፍት ይሻለኛል።»

ጠጪዎቹ ሳቁ። አንዱ «ጅቡም ይጠይፍሻል» አላት፤ ሳቁ ወደ እሷ ዞረ፣ እኔ ወጣሁ።

ከዚያ ማን ቀረኝ? የነቀስኋቸው ሴቶች አሉ። ግን አንዷንም ስሟን ጠይቄ አላውቅም። መጥተው፣ ተቀምጠው፣ ከፍተው ይሄዳሉ። ስለዚህ የቀረችኝ እህቴ በለጠች ብቻ ነበረች። በለጠች ደግሞ ለእኔ ሞታለች ብዬ ትቻት ነበር።

ለምን ብትሉ፣ ይኸውላችሁ። አንበሳሜ ወርዳ አግብታለች፤ ባሏ ደምሴ የደህና ገበሬ ልጅ ነው። ስትገባ የእናታችንን ሙያ ሸሽጋ ነው የገባችው። ይኸን ይቅር ብያት ነበር። ዋንጫዋ ለብቻው እንዲቀመጥ ማን ይፈልጋል? የአማቷ ተዝካር ሲሆን ግን በግ ጎትቼ ሄድሁ። ዳሱ ሙሉ ነው፣ ካህናቱ ከላይ፣ ዘመዱ በየረድፉ። የባሏ አጎት «ይኸ ሰው ማነው?» ሲል፣ በለጠች ልጅ ሳለች በተሸከምኋት ትከሻዬ ላይ እጇን አሳርፋ፦

«ያገራችን ሰው ነው» አለች።

ወንድሜ ነው አላለችም። ያገራችን ሰው። የቀረበልኝን በላሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ አልሁ፣ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አንበሳሜን አልረገጥሁም።

የገበያ ቀን ጠብቄ በሚኒባስ ወረድሁ። መንገዱ ያን ሰሞን ክፍት ነበር። በለጠች ገበያው ዳር በርበሬ ዘርግታ ተቀምጣለች። ከስታለች። ቀና ስትል አየችኝና ሚዛኑ ከእጇ ወደቀ።

«አያ! ምነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። አፍሽን ፈልጌ ነው።»

«ምኔን?»

ነገርኋት። ፈተናውን፣ ፈቃዱን፣ ፈንታነሽን። ስለ ፈንታነሽ ስነግራት እጇን በአፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እኔ ለማሳቅ አልነበረም የነገርኋት።

«ይኸን ያህል ዘመን ጠፍተህ፣ ደህና ነሽ ወይ እንኳን ሳትለኝ፣ አፍሽን ክፈች ነው?»

«ደህና ነሽ ወይ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ትመጫለሽ አትመጪም?»

በርበሬዋን በመዳፏ ሰበሰበች፣ በተነች፣ እንደገና ሰበሰበች። «እመጣለሁ» አለች። «ደምሴን ዕቃ ላመጣ ደብረ ታቦር እሄዳለሁ እለዋለሁ።»

በፊት ያገር ሰው ነበርሁ፤ አሁን ዕቃ ሆንሁ፣ አልሁ በሆዴ። ለእሷ ግን «ቀኑን አትርሺ» ብቻ ብያት ተመለስሁ።

በቀኑ በጠዋት መጣች። ነጠላዋ አዲስ ነው። ከአዳራሹ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ገባን። ልጅቱ ልትቀዳ ስትመጣ በለጠች ዝቅ ባለ ድምፅ «የእኔን ያለ ስኳር» አለቻት። ቀና ብዬ አየኋት። ልጅ ሳለች ስኳር ከጣሳ በምላሷ የምትልስ ነበረች፤ እናታችን የገረፈቻት በዚያ ብቻ ነው።

«ስኳር ተውሽ እንዴ?»

«ጥርሴን ነው የሚያመኝ።»

ውኃ አዘዘች። ጠጣችና ሌላ አዘዘች። ዝቅ ስል የግራ እግሯ አውራ ጣት በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ነጠላ ጫማው አልገባላትም።

«ምን ነካሽ?»

«ድንጋይ መታኝ። ከጥምቀት ወዲህ አልሽር አለኝ።»

ጥምቀት ካለፈ ቆይቷል። ሻዬን አስቀመጥሁት። የሲስተር ማስተዋል ድምፅ ከጆሮዬ ገባ፤ ቁስሉ ቶሎ አይሽርም። ግን ሰዓቱ ደርሶ ነበር፣ ሌላ ሰው አልነበረኝም፣ ደግሞስ የድንጋይ ቁስል ስንቱን ያቆያል? እንዲህ እያልሁ ገባሁ።

አዳራሹ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነን ተደረደርን። ትእዛዝ ይዛት የመጣችው ጓደኛዋ ገነት የምትባል የአንበሳሜ ሴት ሆና ተገኘች። በለጠችን ስታይ «ውይ! የደምሴ ሚስት! አንቺም ልትቆነጂ መጣሽ?» ብላ ሦስት አራት ጊዜ ሳመቻት። በለጠች ሳቀች። እጇ ግን ነጠላዋን ጨብጧል።

ትእዛዝ ጀመረች። «ሕመም አለብሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ገነት።

«ይመስገን መልስ አይደለም» አለች ሲስተር ማስተዋል። «አለ ወይም የለም።»

«ኧረ ሲስተር፣ አለ ብዬ በሽታ ልጥራ እንዴ?»

ሳቅ ሆነ። እዚህ አገር ሕመሙን በሰው ፊት የሚናገር የለም። ያመመው ይመስገን ይላል፣ ያላመመውም ይመስገን ይላል። ትእዛዝ ብዙ ታግላ «የለም» አሰኘቻትና ቅንድቧን ሠራች። አለፈች።

ተራዬ ደረሰ። ሲስተር ማስተዋል ወደ በለጠች ዞራ «ለእሳቸው ምናቸው ነዎት?» አለች።

«እህቱ ነኝ» አለች በለጠች፣ ጮክ ብላ። «የእናቴ ልጅ ነው።»

ገነት ቀና አለች። እኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን የመጣልኝ ሐሳብ፣ ያኔ ዳስ ሙሉ ሰው ነበር፣ ዛሬ ለጥቂት ቅንድብ ሠሪ ነው የተናገረችው፣ የሚል ነው። ልቤ እንዲያ ነው፤ ምን ላድርገው።

እጄን ታጠብሁ፣ ጓንት አጠለቅሁ፣ መርፌውን ከእሽጉ አወጣሁ። መጠየቅ ጀመርሁ። ነፍሰ ጡር ነሽ? የለሁበትም። ደምሽ ቶሎ ይቆማል? ይቆማል።

«ስኳር አለብሽ?»

«የለብኝም።»

ቶሎ ነው ያለችው። ዓይኗ ከዓይኔ ላይ አልተነሳም።

አገጯን ያዝሁ። በጓንቱም ውስጥ ሙቀቱ ተሰማኝ። ከፈተች። እናታችን የነቀሰቻት ድድ ደብዝዞ አመድ መስሏል፤ ከጥርሱ ሥር አብጧል፣ በጣቴ ነካ ሳደርገው ደማ። መርፌውን አቀረብሁ። ሲስተር ማስተዋል ከጎኔ ቆማ ታያለች። ፈቃዱ ከእኔ የራቀው የመርፌዋን ጫፍ ያህል ነበር።

ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ «ደምሴ ያውቃል?» አልኋት።

ዓይኗ ውኃ ሞላ። «ማንም አያውቅም» አለች በትንፋሿ። «ሥራህን ሥራ፣ አያ። እኔ ችየዋለሁ። ብቻ እንዳትናገር፤ ከነዚያ ዘር ያመጣችው ነው ይሉኛል።»

መርፌውን ከሳህኑ ላይ አስቀመጥሁት።

«ምነው ጋሽ ደሞዜ?» አለች ሲስተር ማስተዋል።

«አልሠራም።»

«ምክንያት አለዎት?»

ገነት አንገቷን አስግጋ ትሰማለች። ነገ የአንበሳሜ ገበያ ነው።

«የለኝም።»

«ያስቡበት። ምክንያት ካለዎት…»

«የለኝም አልሁ።»

ከኋላ ትእዛዝ «ሽማግሌው ፈሩ» አለች፤ ክፉ ሆና አይመስለኝም፣ ልጅ ናት። ሳቁ። ጓንቱን አውልቄ ከመጣያው ጣልሁና ወጣሁ። ሲስተር ማስተዋል እስከ በሩ ተከተለችኝ።

«ጋሽ ደሞዜ፣ የሆነ ነገር አይተዋል። ለእኔ ይንገሩኝ።»

«ብነግርሽ ትጽፊዋለሽ?»

«መጻፍማ አለብኝ፤ ካልተጻፈ እንዴት አሳልፍዎታለሁ?»

«እንግዲያው አላየሁም።»

የተጻፈ ነገር የት እንደሚደርስ ማን ያውቃል? እሷ ደግ ናት። ነገ ግን ሌላ ቦታ ትመደባለች፣ የጻፈችው እዚሁ ይቀራል። ለሚቀጥለው ዙር ሌላ ሰው ይዤ እንድመጣ ነገረችኝና ተመለሰች።

ከበለጠች ጋር ወደ መናኸሪያ ወረድን። በእግሯ ምክንያት ቀስ ብዬ ሄድሁ። ግማሽ መንገድ እንደ ሄድን፦

«ባትጠይቀኝ ኖሮ ታልፍ ነበር» አለች።

«ጥርስሽ ይረግፍ ነበር።»

«ጥርሴን ማን አየው?»

«መድኃኒት ትወስጃለሽ?»

«ባሕር ዳር ታይቼ ክኒን ሰጥተውኛል። በርበሬው ጆንያ ውስጥ ነው የምሸሽገው። ማንም እጁን አያስገባበትም።» ትንሽ ሳቀች። «ስውጠው ያስነጥሰኛል።»

«ለባልሽ ንገሪው፤ እግርሽ ይበላሻል።»

«እፈራለሁ፣ አያ። አንተ ናና አብረኸኝ ንገረው። ካንተ ጋር ከሆንሁ እደፍራለሁ።»

ይኸን ስትለኝ ሚኒባሱ ሊሞላ ነበር፤ ረዳቱ አንበሳሜ፣ አንበሳሜ ይላል። ሁለት ወንበር ቀርቷል። መግባት እችል ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ።

«እኔ ምን ብዬ እነግረዋለሁ? እኔ ያገርሽ ሰው ነኝ።»

ቆመች። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባትና ፊቷ ጠቆረ።

«ይኸን ይዘህ ነው እስከ ዛሬ የኖርኸው?»

«ሌላ የምይዘው ምን ሰጣችሁኝ?»

 ነጠላዋን ሰብስባ ገባች። ከጎኗ ያለው ወንበር ጥቂት ባዶ ሆኖ ቆየ። ከዚያ አንድ ዶሮ የያዘ ሰውዬ ተቀመጠበት፤ ሚኒባሱም ሄደ።

ሁለተኛው ዙር መጥቶ አለፈ። ይዤው የምሄድ ሰው አልነበረኝም። ትእዛዝ ፈቃዷን በመስታወት ሰቅላዋለች፤ በዚያ ሳልፍ አየዋለሁ።

በለጠች አንዳንድ እሑድ ትደውላለች። «እንዴት ነሽ?» እላታለሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ?» ትለኛለች። «ይመስገን» እላለሁ። ለደምሴ ነግራው እንደሆነ አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም። ከዚያ ሁለታችንም ስልኩን ሳንዘጋ እንቆያለን። ትንፋሿ ይሰማኛል። አንዳንዴ ታስነጥሳለች። ካርዷ ሲያልቅ ይቋረጣል።

ባለፈው ሰኞ አንዲት ሴት ከእብናት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቱ ልትዳር ነው። እናትየዋ «እኔን የነቀሱኝ እናትህ ናቸው» አለችና ከንፈሯን ገልጣ አሳየችኝ። ዛሬም ጥቁር ነው፤ ያምራል።

«ፈቃድ የለኝም» አልኋት።

«ምን ፈቃድ? እኔ ፈቅጃለሁ።»

«የመንግሥት።»

«እዚህ ማን ያየናል?»

ማንም አያየንም ነበር። ልጅቱ ከበርጩማው ተቀምጣ አገጯን አንስታ ትጠብቃለች። እጄ ሊሄድ ፈለገ። ግን ተይዤ፣ ድሮም እነዚህ እንዲህ ናቸው ሲሉኝ ታየኝ። ይኸን ደስታ አልሰጣቸውም።

«ከገበያው ማዶ ትእዛዝ የምትባል ልጅ አለች» አልሁ። «እሷ ፈቃድ አላት። ድድ ባትሠራም ቅንድብ ትሠራለች።»

«ቅንድብ ምን ያደርግልናል?» አለች እናትየዋ። ልጇን አስነሳቻት። ከበሩ ስትደርስ ዞር ብላ «ታዲያ አንተ አሁን ምን ትሠራለህ?» አለችኝ።

ልጇን ይዛ መንገዱን ተሻገረች። በርጩማውን ከጥግ አስቀምጬ በሩን ዘጋሁት። ገና ረፋድ ነበር።